በእርሳስ የተጻፈ ስም

ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። መምህር የሚያሰኝ ወረቀት የለኝም። ነገር ግን ለንደን፣ ስትሪትሃም ሰፈር ካለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ በሚገኘው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የምእመናኑን ልጆች የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሳስተምር ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። እዚያ ወላጁም ልጁም «ቲቸር» ይለኛል። ሳምንቱን ሙሉ ተሳፋሪው ቀና ብሎ ሳያየኝ የጉዞ ካርዱን ማሽኑ ላይ አስነክቶ ያልፋል፤ ቅዳሜ ግን ስም ነበረኝ። አንዲት ወጣት ልጅ ይህን ስም ወሰደችብኝ እያልኩ ያሳለፍኩትን ጊዜ ነው እዚህ የምጽፈው። ወሰደችብኝ ማለቴ ልክ እንዳልሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ሌላ ቃል አልነበረኝም።

የተማርኩት በራሴ ነው። አባቴ ሲሞት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ትምህርቱን ትቼ እህል መጋዘን ተቀጠርኩ። ከመጋዘኑ በር ላይ ለውዝ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ለመጠቅለያ ከከመረችው ወረቀት መካከል ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ አየሁና በምትኩ አሮጌ ጋዜጣ ሰጥቻት ወሰድኩት። ጆንያ ላይ ተቀምጬ በቃሌ ያዝኩት። ከመካከሉ ግን ገጾች ጎድለው ነበር። አንድ ሰው ሥራውን የሚሠራበት መንገድ ከሌላው ጋር የሚነጻጸርበት ምዕራፍ፣ ማን በፍጥነት፣ ማን ይበልጥ በፍጥነት፣ ማን ከሁሉም በላይ በፍጥነት የሚለው፣ ከለውዙ ጋር ተሽጦ ሄዷል።

ያን ምዕራፍ የተማርኩት ለንደን መጥቼ ነው። አውቶቡስ ለመንዳት ስንሠለጥን አሠልጣኙ እያንዳንዳችንን ምን ልናሻሽል እንደምንፈልግ ጠየቀን። ከትናንቱ ይበልጥ በጥንቃቄ እንደምነዳ ልነግረው ፈልጌ አንዷን ቃል አጣመምኳት። በሰው ፊት አረመኝ፤ አብረውኝ የነበሩት ሳቁ። በማግስቱ ክሮይደን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ምዕራፉን ፈልጌ አገኘሁት፤ እያንዳንዱን ቃል በደብተሬ ገለበጥኩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ያረመኝ ሰው የለም። በሀፍረት የተማሩት አይረሳም። ስለዚህ ከማስተምረው ሁሉ ይህን አንድ ትምህርት እንደ ርስቴ ነበር የምቆጥረው።

የማስተምረው በትልቅ ካርቶን ላይ በሦስት ዓምድ በሠራሁት ሰንጠረዥ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ ቃሉ ለብቻው፣ በሁለተኛው ሁለት ሰዎች ሲነጻጸሩ፣ በሦስተኛው አንዱ ሁሉንም ሲበልጥ። አማርኛ በዚህ በኩል ለሰው ያዝናል እላቸዋለሁ። «ከእሱ ይበልጥ በፍጥነት ሮጠ» ስንል «በፍጥነት» የሚለው ቃል አይነካም። እንግሊዝኛ ግን ለአጭሩ ቃል ጅራት ይቀጥልለታል፣ ለረጅሙ ከፊቱ መሪ ያቆምለታል፤ ከሁለቱም ያፈነገጡ ደግሞ አሉ። ያፈነገጡትን ቆመን በኅብረት እንላቸዋለን፦ «ዌል፣ ቤተር፣ ቤስት»። የተሳሳተ ልጅ አሥር ጊዜ ይጽፋል። ዱላ ይዤ አላውቅም። ሕጉ ባይከለክለኝ ኖሮም አልይዝም ነበር ብዬ ለመማል ግን አልደፍርም።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ በመጀመሪያው ረድፍ ትቀመጥ ነበር። ቤት ውስጥ «አባዬ»፣ አዳራሹ ውስጥ «ቲቸር» እንድትለኝ ደንብ አውጥቼላት ነበር። ደንቡን አንድም ቀን ጥሳው አታውቅም። ማታ ማታም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ይዛ አብራኝ ትቀመጣለች። ሲያጠፉ መሰረዝ እንዳይኖር፣ እርግጠኛ ያልሆነችበትን ሁሉ በእርሳስ እንድትጽፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ከገና በኋላ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ልታግዘኝ መጣች። እዚሁ ለንደን የተወለደች፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ለመሆን የምትሠለጥን ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። እርስዎና አንተ አንድ ላይ ከአፏ ይወጣሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደስ ካለህ፣ ትንንሾቹን እኔ ሄልፕ ላድርጋቸው?»

አንተ ማለቷ አላስከፋኝም። ያስከፋኝ «ጋሼ» ማለቷ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጋሼ ብሎኝ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ፈቀድኩላት። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ መርጬ የሰጠኋት አርፈው የማይቀመጡትን ነው። አዳራሹን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለን እነሱን ወደ ወጥ ቤቱ በኩል ወሰደቻቸው።

የያዘችው ትምህርት የእኔኑ ነበር። ሰንጠረዥ ግን አልነበራትም። ከወጥ ቤቱ የሻይ ብርጭቆ አውጥታ እስከ አፉ ውኃ ሞላችና አንዱን ልጅ ከዳር እስከ ዳር ተሸክሞ እንዲሄድ አደረገችው። ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። ከዚያ ሌላዋ ትነሣለች፣ ቀጥሎም ሦስተኛው። እንዴት ሄደ? እሷስ ከእሱ ጋር ስትነጻጸር እንዴት ሄደች? ከሦስቱ ከሁሉም በላይ በዝግታ የሄደው ማን ነው? ልጆቹ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እየሠሩ ይከራከራሉ። ተሳስቶ የተናገረውን ጓደኛው ያርመዋል፤ ያረመውን ደግሞ ሌላው ያርመዋል። ውኃው ይፈሳል፣ ይሳቃል። የአዳራሹ ቁልፍ የሚያዘው በእኔ ስለሆነ ወለሉን የማደርቀው እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የኅብረት ንባቤ ሳሳ። የክፍሌ ልጆች ከንፈር «ዌል፣ ቤተር፣ ቤስት» ይላል፣ ጆሯቸው ከመጋረጃው ወዲያ ነው። የገዛ ልጄ አንገት ሳይቀር ዞሯል። በአውቶቡስ ሥራ ላይ ከኋላዬ ስንት ነገር ይጮሃል፤ ዞሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን የእኔም አንገት ዞረ፤ በመጋረጃው ክፍተት ስሰልላት ራሴን አገኘሁት። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ታስተምር ነበር። ጥሩ ባታስተምር ኖሮ አልቀናም ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ ወደ ቤታችን ወደ ክሮይደን ስንመለስ ልጄ በመስኮቱ እያየች ተናገረች።

«አባዬ፣ ወደ ቲቸር ግሩፕ ቼንጅ ላድርግ?»

«ወደ የትኛዋ ቲቸር?»

«እሷ ናታ።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«አንተማ አባዬ ነህ።»

ማንም አባት በዚህ መልስ ደስ ሊለው ይገባል። እኔ ግን አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። እናያለን አልኳት። እናያለን ማለት በቤታችን አይሆንም ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ደግማ አልጠየቀችኝም።

ባለቤቴ ነገሩን ስነግራት ሥራ ውላ ደክሟት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። በዚያ ድካሟ ላይ ተነሥታ ተቀመጠችና ሳቀች። «ሠላሳ ዓመት በምትበልጣት ልጅ ትቀናለህ? በእኔ እንኳን እንዲህ ቀንተህ አታውቅም» አለችኝ። ቅናት ሳይሆን የትምህርት ጥራት ጉዳይ እንደሆነ አስረዳኋት። የትምህርት ጥራት የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ስታሾፍብኝ ሰነበተች፤ ወጥ ጨው ሲያንሰው ሳይቀር የጥራት ጉዳይ ነው ትለኛለች።

በጸሎት ፕሮግራም ላይ ለልጅቷ እጸልይ ነበር። ጌታ ሆይ፣ አገልግሎቷን አስፋላት እላለሁ። በልቤ ግን ወደ ሌላ አጥቢያ አስፋላት ማለቴ ነበር። እግዚአብሔር የምንለውን ብቻ ሳይሆን ማለታችንንም የሚሰማ መሆኑን ለልጆች እያስተማርኩ ነው ይህን የምሠራው። አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆዎቹን ከላይኛው ቁም ሣጥን ከትቼ ቆለፍኩባቸው። በሚቀጥለው ሳምንት የወረቀት ኩባያ ይዛ መጣች፤ ስለ ብርጭቆዎቹም ምንም አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ አወቀችብኝ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ከዚያ የከፋውን ሠራሁ። ለሰንበት ትምህርት ኮሚቴው አመለከትኩ። እርጥብ ወለል ላይ ልጅ ሊወድቅ ይችላል፣ ሄልዝ ኤንድ ሴፍቲ የሚሉት የደኅንነት ደንብ አለ፣ በአንድ አዳራሽ ሁለት ክፍል ጫጫታ ነው አልኩ። ከተናገርኩት ውስጥ ሐሰት አልነበረም፤ የተናገርኩበት ምክንያት ግን ሐሰት ነበር። ኮሚቴው አዳመጠኝና ተስማማ። ወንድማችን ልክ ነው፣ በአንድ አዳራሽ ሁለት ክፍል አይሆንም፤ ከሚቀጥለው የትምህርት ተርም ጀምሮ አንድ ብቻ ይሁን አሉ። የማን ይሁን የሚለውን ወላጆች ይወስኑ ተባለ። ሁለት ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ በእኔ፣ አንዱ በእሷ። ወላጅ የልጁን ስም በፈለገው ላይ ይጽፋል። ለዚህም ሁለት ሳምንት ተሰጠ።

እኔ አልፈራሁም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሲጠጣ ወላጆቹን አንድ በአንድ ጠጋ እያልኩ ጠየቅኋቸው። ሳያፍሩ እውነቱን እንዲነግሩኝ፣ ከእኔና ከልጅቷ ማን የተሻለ እንደሚያስተምር። ሁሉም መለሱልኝ። እርስዎን የመሰለ የት ይገኛል አሉኝ። እሷ ገና ልጅ ናት፣ መሠረቱ እርስዎ ነዎት አሉኝ። አንዲት እናት ብቻ ትንሽ ወለም ዘለም አለች። ልጇ ቤት ውስጥ ሁሉን ነገር ማነጻጸር እንደጀመረች፣ ሰሃን ስታጥብ «እማዬ፣ አንቺ ከአባዬ ይበልጥ ጮክ አድርገሽ ታጥቢያለሽ» እንደምትላት እየሳቀች ነገረችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው፤ «እርስዎም ቢሆን ጎበዝ ነዎት» አለችኝ። እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ይህን ስሕተት ከእኛ ሰው በስተቀር የሚሠራው አለ ብዬ አላስብም። ይሉኝታን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ሰው ነኝ። ያረረ ወጥ አቅርበውልኝ ጣት ያስቆረጥማል ብያለሁ። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ማን ይሻላል ቢለኝ አንተ እንደምለው አውቃለሁ፤ ሌላ መልስ አልተፈጠረም። እንግሊዝ ቢሆን ስም የማይጻፍበት ወረቀት በትኖ ይሰበስብ ነበር። እኔ ግን ሻዬን ይዤ፣ ከእነሱ በዕድሜ የምበልጥ፣ የልጆቻቸው አስተማሪ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ጠየቅሁ፤ የሰጡኝንም ክብር እንደ ድምፅ ቆጠርኩት። ቅናት ሰውን ዕውር ያደርጋል ሲባል እሰማ ነበር። የእኔን ግን ሞኝ ነው ያደረገው። ወላጅ የሆንክ አንባቢ፣ ውዳሴ ለምነህ ያገኘኸውን አትመን።

ሁለቱን ሳምንት ሰሌዳውን አላየሁም። ማየት የሚጠራጠር ሰው ሥራ ነው ብዬ ከፊቱ ፊቴን መልሼ አልፍ ነበር። በመጨረሻው ቅዳሜ ግን አዳራሹን ስከፍት፣ ልጄ ካፖርቷን ልትሰቅል ወደ ወጥ ቤቱ ስትገባ፣ መብራቱን አበራሁና ቀረብ አልኩ።

በልጅቷ ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ስም ነበር። ሁሉም በወላጅ እጅ፣ በእስክሪብቶ። የት ይገኛል ያሉኝም፣ መሠረቱ እርስዎ ነዎት ያሉኝም አሉ። በእኔ ወረቀት ላይ አንድ ስም አለ። በእርሳስ ነው። የፊደሉን አጣጣል ጨለማ ውስጥ ብሆን አውቀዋለሁ፤ ያስያዝኳት እኔ ነኝና።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም። አሥራ አንዱ ቢሄዱም ልጄ እኔን መረጠች አልኩ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ሌላው ወረቀት ተመለሰ። በሦስተኛውና በአራተኛው ስም መካከል ባዶ የተዘለለ መስመር አለ፤ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሻክሯል። ጎንበስ ብዬ ሳየው የተጻፈና የጠፋ ስም ጥላ አገኘሁ። ያው ስም ነው።

ልጄ ከወጥ ቤቱ ስትወጣ ወረቀቱ ፊት ቆሜ አየችኝ። ጫማዋን ማየት ጀመረች።

«እዚህኛው ላይ ጽፈሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አጠፋሽው?»

«ያንተን ሳየው ኤምፕቲ ነበር። ሰው ሲያየው ታፍራለህ ብዬ።»

ይህች ልጅ ለንደን ተወለደች፣ እዚሁ አደገች፤ ይሉኝታ የሚለውን ቃል ትርጉሙን ብትጠየቅ አታውቀውም። ነገሩን ግን ሳላስተምራት ከእኔ ተምራዋለች። ወላጆቹ በቃል የሰጡኝን እሷ በጽሑፍ ሰጠችኝ። እኔ ስቀና የከረምኩት ትምረጠኝ ብዬ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ሐዘኔታዋን ነው። ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ምጽዋት የተቀበልኩ መሰለኝ።

እውነቱን እንድትነግረኝ፣ እንደማልቆጣ ነገርኳት። ወላጆቹን የጠየቅሁትን ጥያቄ ደግሜ ጠየቅኋት፤ አመሌ አልለቀቀኝም። በኅብረት ስናነብ እንደምትቆመው ቀጥ ብላ ቆመች።

«አንተ ሞር ኬርፉሊ ታስተምራለህ» አለች፤ ይበልጥ በጥንቃቄ ማለቷ ነው። «ከሁሉም ሰው በላይ። እሷ ጋ ግን ስሳሳት አልፈራም።»

አልቆጣም ብዬ ነበር፤ ተቆጣሁ። አፌ አልተናገረም እንጂ ሆዴ ተቆጣ። መቼ መታሁሽ፣ መቼ ሰደብኩሽ፣ ከጆንያ ላይ የለቀምኩትን ዕውቀት በወንበር ላይ አስቀምጬ አቀረብኩልሽ ልላት ፈለግሁ። ያን ጊዜ አሠልጣኙ በሰው ፊት ሲያርመኝ የተሰማኝ ነገር ትዝ አለኝ። ያን ሀፍረት ለትምህርት እንደሚጠቅም መድኃኒት ቆጥሬ ለስድስት ዓመት ለልጆች ስሰጥ ኖሬያለሁ። እኔን ጠቅሞኛል። እኔን ስለጠቀመኝ ለሁሉም ይሆናል ማለቴ ነው ጥፋቴ።

በወረቀቴ ላይ ያለውን የስሟን መነሻ ፊደል በጣቴ ነካሁት። ስሙን እዚያው ብተወው የሚጠይቀኝ የለም፤ ቢያንስ ባዶ አይባልም። ያን ያህል ደቂቃ ማሰቤን ነው የምናዘዘው። ከዚያ ከቦርሳዋ ላጲስ አውጥታ እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። ከእኔ ወረቀት ላይ አጠፋሁት። በልጅቷ ወረቀት ላይ፣ በሻከረው መስመር፣ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። የእኔን ወረቀት ነቅዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ልጄ እጄን ያዘችኝ፤ አዳራሹ ውስጥ መሆናችንን ረስታ ነው ወይም ደንቡ ማብቃቱን አውቃ።

ወጣቷ ስትመጣ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ብቻ አየች። ቀላች።

«ጋሼ፣ በጣም ሶሪ። እኔ እንደዚህ እንዲሆን አልፈለግኩም።»

ደግ ነገር ልናገር እችል ነበር። «ወለሉን ማድረቅ ግን መልመድ አለብሽ» አልኳት። ለኮሚቴው የነገርኩትንም፣ ብርጭቆዎቹን የቆለፍኩት እኔ መሆኔንም አከልኩበት፤ ይህን ያልኩት ኑዛዜ በሚመስል ሳይሆን በቁጣ ድምፅ ነው። ብርጭቆዎቹን እንዳወቀች፣ የኮሚቴውን እንዳላወቀች ነገረችኝ። ቀጥላም፣ ከእኔ ክፍል የሚመጡት ያፈነገጡትን ቃላት ሁሉ በቃላቸው እንደሚያውቁ፣ የእሷዎቹ ግን እንደሚምታቱባቸው ነገረችኝ። በየቅዳሜው ትምህርቱ ሲጀመር አሥር ደቂቃ ሰንጠረዤን ይዤ ብገባ ደስ እንደሚላት በዚያ በተቀላቀለ አማርኛዋ ለመነችኝ። እውነቷን ይሁን ይሉኝታ ይዟት አላወቅሁም፤ እዚህ ብትወለድም የእናቷ ልጅ ናት። ዛሬም አላወቅሁም። ያን ቀን ግን ደግሜ ላለመጠየቅ ቻልኩ። እሺ አልኳት።

አዲሱ ተርም ሲጀመር አሥር ደቂቃዬን አስተማርኩና ሰንጠረዤን ጠቅልዬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መጋረጃው ተነሥቷል፤ ብርጭቆዎቹ ከቁም ሣጥኑ ወጥተዋል፤ አዳራሹ ሰፍቷል። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ልጆቹ አብረዋት ሲስቁ ሳይ፣ ሲከቧት ሳይ፣ አሁንም ሰንጠረዤን ዘርግቼ መሃል ልቆም ያምረኛል። የተማርኩት ነገር ቢኖር ቅናት አብሮኝ መቀመጥ እንደሚችል፣ እኔ ግን የሚለኝን መሥራት እንደሌለብኝ ነው።

የልጄ ተራ ደረሰ። እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ መራመድ ጀመረች። በመሃል አዳራሹ ላይ ጫማዋ ተያዘና ውኃው ግማሹ ደረቷ ላይ፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ወደ እኔ ዞራ አላየችም። ሳቀች።

«ቲቸር!» ብሎ ጮኸ አንዱ ልጅ።

ወጣቷም እኔም ዞርን። የጠራው እሷን ነበር። እኔ መወልወያውን ላመጣ ተነሣሁ።